የፊታውራሪ ሚስት ያልጻፈችው

ባለፈው ሳምንት ስልቨር ስፕሪንግ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ሳለ፣ አንዲት ነጭ ሴትዮ ፊቴን አየት አድርጋ አለፈችና ተመልሳ መጣች። ጸጉሯ እንዳለ ሸብቷል። አሌክሳንድሪያ ካለው ቤተ መጻሕፍት፣ የድሮ ወረቀት ከሚቀመጥበት ክፍል ትሠራ የነበረችው ሴት መሆኗን ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። "ባለቤትሽ ደህና ነው? መጽሐፉን ጨረሰው?" አለችኝ። መሞቱን ነገርኳት። መጽሐፉንም አልጨረሰም አልኳት። እጄን ያዘች፤ አውቶቡሴ መጣና ተለያየን። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ሳልጽፍ መዋል አልቻልኩም። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ። ልጄ ነስሩ "እማ፣ ስልኩ ላይ ብታወሪለት እኮ ራሱ ይጽፍልሻል" ይለኛል። አይሆንም። ይህ በእጅ የሚጻፍ ነገር ነው።

እንድሪስን ያወቅሁት ደሴ ፍርድ ቤት ነው። እኔ ታይፒስት፣ እሱ ጠበቃ ነበር። ያን ጊዜ ፒያሳ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ያሰፋው አንድ ግራጫ ሱፍ ነበረው፤ ዝናብ ሲመጣ ኮቱን አውልቆ ገልብጦ ነበር የሚለብሰው፣ ጨርቁ እንዳይበላሽ። ክርክሩን ሲያስጽፈኝ አይቀመጥም። ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተመላለሰ ይናገራል፤ እኔ እመታለሁ፤ መስመሩ ሲያልቅ የምትጮኸው የታይፑ ደወል እሱን አታቆመውም። አንድ ቀን "ክቡር ፍርድ ቤቱ" የሚል ቃል ከራሴ ጨመርኩበት፤ የሚያምር መስሎኝ። ወረቀቱን አነበበና፣ "እህቴ፣ ቃሌን አታሳምሪልኝ። ያልኩትን ብቻ" አለኝ። ተቆጣሁት። በሁለተኛው ዓመት ተጋባን። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ያለ እኔ እጅ የጻፈው አንድም ነገር አልነበረም።

ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ነስሩ ገና ጥርሱን ያልቀየረ ልጅ ነበር። በመጀመሪያ ፔትዎርዝ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ በኋላ ስልቨር ስፕሪንግ። እንድሪስ አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት ወደ ወንዙ በሚወርድበት በኩል፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ አገኘ። ያን ጊዜ መኪና ውሎ የሚያድርበት ዋጋ ዛሬ ግማሽ ሰዓት አያቆምም። የሚያበራ ብርቱካናማ ጃኬት ሰጡት፤ እሱ ከውስጥ ክራባቱን ያስራል። አብሮት የሚሠራው ተስፋዬ፣ ሰውን ሁሉ የሚያስቅ ቀልደኛ፣ በየጠዋቱ "ጠበቃው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስፈታ ነው?" ይለዋል። "ይቺን ሆንዳ" ይላል እንድሪስ። "ያለ ወንጀሏ ሦስት ቀን ታስራለች።"

እንግሊዝኛን በዓይኑ ያነባል፤ በጆሮው ግን አይሰማም። የሕግ መጻሕፍት ያነበበ ሰው ነው፤ የአሜሪካኖቹ አነጋገር ግን ፈሶ ያመልጠዋል፤ አንዱ ጆሮውም ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነበር። ሰው መስኮቱ ጋ መጥቶ ሲያዋራው ወረቀትና እስክሪብቶ ያቀብላል። የሚቀልዱበት ነበሩ። እሱ ግድ አልነበረውም።

ከፓርኪንጉ ፊት ለፊት ቀይ የጡብ ቤት አለ። በሩ አጠገብ የምትኩራራ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ አለች። ሰሌዳዋን ለስንት ዓመት ሲያያት ኖሮ አንድ ቀን መንገዱን ተሻግሮ አነበባት። የበርሜል ሠሪ ልጅ፣ እዚህ ተወለደ፣ ጠበቃ፣ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ምዕራብ የሄደ፣ የአዲሱ ግዛት የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል፤ የተወለደው የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ግድም ነው። ማታ ቤት ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ ነገረኝ። "ግንባር ቀድሞ የሄደ ሰው ነው፤ ፊታውራሪ ማለት ነው" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የሰውዬው ስም ፊታውራሪ ሆነ፤ እውነተኛ ስሙን ዛሬም ለመጻፍ ጣቴ እሺ አይለኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቅዳሜዎች ሁሉ የፊታውራሪ ሆኑ። በአሮጌዋ ኮሮላ፣ የወሎ መንዙማ ካሴት ከፍተን፣ ከስልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እንወርዳለን። ካሴቱ አንድ ቦታ ላይ ይንተባተባል፤ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያቺ ሴትዮ ግራጫ ሳጥን ታመጣለታለች፤ የልጅ ልጆቹ ለቤተ መጻሕፍቱ የሰጡት ደብዳቤ ነው። እንድሪስ በእርሳስ ይገለብጣል፤ ቤት ሲደርስ የሰውዬውን ታሪክ በአማርኛ መጽሐፍ አድርጎ እየተመላለሰ ያስጽፈኛል። ፊታውራሪ በሌላ ጠበቃ ቢሮ ወለል እየጠረገ ሕግ ማንበቡን፣ ሁለት መጽሐፍ በኮርቻው ከረጢት ይዞ በሃያ ሦስት ዓመቱ መሄዱን፣ ከዳኛው ጋር በፈረስ ከከተማ ከተማ እየዞረ መከራከሩን፣ ቀን በችሎት ከሚሟገተው ጠበቃ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛቱን ጻፍን። "እንዴት ያለ አገር ነው" ይላል እንድሪስ እየሳቀ። "እኔ ከዓቃቤ ሕጉ ጋር ሻይ ብጠጣ ደሴ ሁሉ ያወራ ነበር።"

ግን ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ፊታውራሪ የተከራከረባቸው ጉዳዮች ሁሉ የመሬት ነበሩ። "በየፋይሉ ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ" አለኝ አንድ ቀን። "ከሁለቱ በፊት መሬቱ ላይ የነበረው ሰው ግን አንድም ቦታ ስሙ የለም። ዘይነብ፣ ፋይል ስታነቢ ያለውን ብቻ አታንብቢ። የጠፋውን ፈልጊ፤ ዋናው ምስክር እሱ ነው።" ይህን ሲለኝ ልብሴን እያጣጠፍኩ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩት። አሁን ሳስበው፣ ስለ ፊታውራሪ የሚናገረው እያንዳንዱ ነገር አንድ አንድ እርምጃ ወደ ቤታችን እየቀረበ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በፊት በበጋው መጨረሻ ላይ ልብሱ ይሰፋው ጀመር። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ፤ በወሩ ሌላ ጨመረበት። ያን ሰሞን ደግሞ አንድ ደብዳቤ ደርሶት ነበር። ፊታውራሪ ከኖረበት ከተማ፣ ከዚህ በመኪና ሁለት ቀን ተኩል ወደ ምዕራብ፣ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የመጣ። አንድ የፊታውራሪ ሳጥን እዚያ አለ፤ በፖስታ አይላክም፤ መጥተህ ማየት ትችላለህ ይላል። እንድሪስ ደብዳቤውን ለሦስት ቀን ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። ነስሩን "ትነዳልኛለህ?" አለው። "ሹር አባ፣ ደስ ይለኛል። ኦፍ እወስዳለሁ" አለ ልጁ። በሕይወቱ ሙሉ ይህ ሰው ለራሱ ሲለምን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ሆስፒታል ገባን። ምርመራው አለቀና ሐኪሙ ጠራን። ወጣት ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ነርሷ በስክሪን ላይ አስተርጓሚ ልታመጣ ስትል እንድሪስ በእጁ ከለከላት። "በያት እስቲ፣ እኔ የራሴ አለችኝ። በዚህች ሴት እጅ ያላለፈ ቃል የለኝም።" ሐኪሙ ፈቃዱ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቀ። አዎ አልኩት።

ሐኪሙ ረጅም ተናገረ። ቆሽቱ ላይ ያለው ነገር ወደ ጉበቱ አልፏል፤ ቀዶ ጥገና አይሆንም፤ ጊዜው በወራት የሚለካ ነው አለ። እኔ ወደ እንድሪስ ዞርኩ። "ጨጓራህ በጣም ቆስሏል። መድኃኒት አለው። ምግብ መምረጥ አለብህ" አልኩት። እንድሪስ ፈገግ አለ። ሐኪሙ ፈገግታውን አየና እኔን አየኝ። "ገብቶታል?" አለኝ። "በደንብ" አልኩት።

"አንድ ጥያቄ አለኝ በይው" አለ እንድሪስ፣ ደህናውን ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ። "ረጅም መንገድ በመኪና መሄድ እችላለሁ?"

ጠየቅሁት። ሐኪሙ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበ። "መሄድ የሚፈልግበት ቦታ ካለ አሁኑኑ ይሂድ። በዚህ ወር። አታቆዩት" አለ።

እኔም፣ "ትችላለህ ብሏል። ግን አትቸኩል፤ ዊንተሩ ይለፍና ሲሞቅ ትሄዳለህ" አልኩት።

ያደግሁበት አገር ለታማሚ አይነገርም። አባቴ ሲታመም አክስቶቼ በር ላይ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ፊታቸውን አስተካክለው ነበር የሚገቡት። ከሰውዬው ቀድሞ ተስፋውን መግደል ጭካኔ ነው ብለን አድገናል፤ እኔም በሽታውን የደበቅሁት ለዚሁ ነው። መንገዱን ግን ለምን ደበቅሁ? ሂድ ብለው፣ ለምን አሁን ይላል። ለምን ካለ ደግሞ እንድሪስ መልስ ሳያገኝ የሚተው ሰው አይደለም። አንዱን ለመሸፈን ሌላውን መሸፈን ነበረብኝ። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ እንድሪስ ቀድሞኝ ሲሄድ ለነስሩ ኮል አድርጌ ሐኪሙ ያለውንም እኔ ያልኩትንም ነገርኩት።

"እማ፣ ዚስ ኢዝ ሮንግ። አባ ሎየር ነው። ሊነገረው ይገባል።"

"አንተ ዝም በል። ይሄ በኛ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው።"

"የኛ አገር? የታመመው እዚህ አይደለም እንዴ?"

"ነስሩ፣ ብትነግረው ገደልከው። እኔን ያርገኝ!" አልኩት። ልጁ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ አባቱ ፊት ሲቀመጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይናገር ጀመር፤ አማርኛው ላይ ድምፁ ይከዳው ነበር።

ከሆስፒታል የሚመጣውን ፖስታ ከእንድሪስ ቀድሜ ከሳጥኑ አወጣለሁ። የመድኃኒቱን ጠርሙሶች ጽሑፍ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ላጥኩ፤ "የማለዳ" "የማታ" ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩባቸው። ቅጠሉ ቀላ፣ ከዚያ ረገፈ። እንድሪስ የመሥሪያ ቤቱን ጃኬት መለሰ፤ "እስኪሻለኝ" ብሎ። ጠያቂ ይመጣል። ከስፕሪንግፊልድ፣ ከበልትስቪል ይመጣሉ። ጎረቤታችን ሩቅያ አጥሚት ይዛ ትገባና፣ "አብሽር ጋሽ እንድሪስ፣ ፊትህ እኮ ወዝ አለው!" ትለዋለች። ኩሽና ስትደርስ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። ተስፋዬ እንኳ መጥቶ፣ "ጠበቃው፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ያቺ ሆንዳ ይግባኝ ብላለች" ብሎ አሳቀው፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳይንቀሳቀስ ረጅም ጊዜ ቆየ። በመስኮት አየሁት። እንድሪስም ወንበሩ ላይ ሆኖ በዚያው መስኮት እያየው ነበር። "ተስፋዬ ለምን አይሄድም?" አለኝ። "ስልክ እያወራ ይሆናል" አልኩት።

የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የቀረውን ምዕራፍ ልንጽፍ ተቀመጥን። መመላለስ አቅቶታል፤ ተቀምጦ ነው የሚናገረው። ምዕራፉ ስለ ፊታውራሪ ሚስት ነው፤ እንድሪስ ፌቤን ነበር የሚላት። ፊታውራሪ ምክር ቤት ሲሄድ ፌቤን በየእሑዱ ትጽፍለት ነበር። ትንሽ ልጅ አላቸው፣ ሳሙኤል። በየደብዳቤው ሳሙኤል አለ፤ ሳሙኤል ጥርስ አወጣ፣ ሳሙኤል ከደረጃ ወደቀ፣ ሳሙኤል ዶሮዋን አባረረ። ምክር ቤቱ ፍርድ ቤቱ በየትኛው ከተማ ይቁም በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጥ ነበር፤ የፊታውራሪ ከተማ የምታሸንፈው በአንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱ ከወንበሩ ከተነሣ አለቀ።

"ከዚህ በኋላ ስድስት ደብዳቤ አለ" አለ እንድሪስ። "ስለ ላሟ ጽፋለች። ስለ አጥሩ ጽፋለች። ስለ ዝናቡ። የልጁ ስም የለም። በስድስቱም ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የለም።"

እጄ ቁልፎቹ ላይ ቀረ።

"ልጁ የሞተው ከስድስቱ የመጀመሪያው በተጻፈበት ሳምንት ነው። መቃብሩ ላይ ተጽፏል፤ መዝገብ ቤቱ ነገረኝ። ድምፁ እስኪሰጥ ደበቀችው። ፊታውራሪ አሸንፎ ሲገባ መቃብሩ ሣር አብቅሏል።" ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ብትሆኚስ?"

"ለሱ ብላ ነው" አልኩት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

"ለሱ? ልጁን አፈር ማልበስ የማን ነበር?" አለ። አልጮኸም። "ፊታውራሪ ሲሰማ ምን ብሎ እንደመለሰላት አላውቅም። መልሱ ያ የመዝገብ ቤቱ ሳጥን ውስጥ ነው። ሲሞቅ እናየዋለን።"

ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ተነሥቼ ሾርባ ላሞቅ ሄድኩ።

በረዶው ሳይቀልጥ እግሩ አበጠ። ደረጃ መውረድ ቀረ። የሚያስታምሙ ነርሶች አልጋ አመጡና ሳሎን ተከሉ። አንድ ቀን ጠዋት ነስሩ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ገባ። "አባ፣ ቫን ሬንት አደርጋለሁ። ከኋላ ፍራሽ እናነጥፋለን። ቅዳሜ እንሂድ" አለ፤ በአማርኛ። እንድሪስ ልጁን ረጅም አየው። "መኪና አትከራይ" አለው። "ሂድ፣ ሥራህ ይረፍድብሃል።" ነስሩ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረ።

"ዘይነብ፣ ያን ቀን ስለ መንገዱ የጠየቅሁትን ታስታውሻለሽ? ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ንገሪኝ። አታሳምሪልኝ።"

ነገርኩት። አሁኑኑ ይሂድ ብሏል አልኩት። በዚህ ወር፣ አታቆዩት ብሏል አልኩት። የቆሽቱን፣ የጉበቱን፣ ስለ ወራቱ ያለውን፣ ሁሉንም። እንደ ችሎት "ሌላስ?" እያለ የቀረኝን ሁሉ አስጨረሰኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"በሽታውን ጠርጥሬ ነበር" አለ። "ፖስታ ከቤታችን የጠፋ ጊዜ ጠረጠርኩ። መንገዱን ግን አመንኩሽ።"

ትራሱን አስተካከልኩለት።

"ነስሩ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"ሩቅያ?"

"ታውቃለች።"

"ተስፋዬ?"

"እሱም።"

"ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሊሰናበቱኝ ነበር የሚመጡት" አለ። "ሁሉም ተሰናብቶኝ ሄደ። እኔ ግን አንዱንም አልተሰናበትኩም።" ዓይኑን ጨፈነ። ካሁን በኋላ አይናገርም ብዬ ስጠብቅ፣ "ጥሪያቸው" አለኝ።

ቅዳሜ ከአስር ሰላት በኋላ መጡ። ደረጃው ላይ ሳይቀር ሰው ቆመ። እንድሪስን ነስሩ ላጨው፤ ሸሚዝ ለብሶ በትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። አንድ በአንድ እየጠራ፣ እጃቸውን ይዞ ይቅር ተባባለ። "አውፍ በለኝ" ይላል፣ "አውፍ ብያለሁ" ይላል። ሩቅያን፣ "ውሸታም፤ ፊቴ ምን ወዝ አለው" አላት፤ እየሳቀች አለቀሰች። ተስፋዬን፣ "ይግባኙን ለአንተ ትቻለሁ" አለው፤ ተስፋዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመልሰው ቀልድ አጣ። ልጁን ጭንቅላቱን ይዞ በጆሮው ነገረው፤ ምን እንዳለው ነስሩ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ ወንበር አቀብላለሁ፣ ጫማ አስተካክላለሁ። ወደ አልጋው የሚያደርሰኝን ነገር ሁሉ ትቼ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውጭው ገና ብርሃን ነበር። "እኔስ?" አልኩት።

ዓይኑ ተጨፍኗል። ደክሞታል። "አንቺ ቤት ነሽ" አለኝ፣ ያለ ቁጣ። "ነገ።"

እጁን ስይዘው አልሳበም፤ መልሶም አልያዘኝም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኩሽና ሆኜ አጥሚቱን አሞቃለሁ። ነስሩ ውሃ ሊያጠጣው ገብቶ ነበር። ተመልሶ ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ቁጭ በይ አላለኝም። ሩቅያን አልጠራም፣ ሽማግሌ አልሰበሰበም፣ እስኪነጋ ወይ እስኪመሽ አላቆየኝም። ዓይኔን እያየ፣ በአማርኛ፣ "እማ፣ አባ ሞተ" አለኝ።